ሠላሳ አንድ ነጥብ ለደራ

ምን ሠርተህ ኖርክ ሲባል አንዱ ነግጄ፣ አንዱ አስተምሬ፣ አንዱ መሪ ጨብጬ ይላል። ደገፋ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍየል ሲመዝን ነው የኖረው። አዳሚ ቱሉ፣ ምርምር ጣቢያው ውስጥ፣ በየወሩ መጀመሪያ ፍየሎቹ አንድ በአንድ ተይዘው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ እሱ ቁጥሩን አንብቦ ይጽፋል፣ ያለፈውን ወር ገልጦ ያያል፣ ጨምራለች ወይም ቀንሳለች ይላል። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ ፍየል ግን ቁሚ ተብላ የምትቆም ፍጥረት አይደለችም። በዚያ ሁሉ ዓመት ደገፋ ቁጥር ተሳሳተ ያለ ሰው አልነበረም።

ጡረታ ወጥቶ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ወደ ሠራት ቤት ሲገባ ይዞት የመጣው ዋና ንብረት ይኸው ቁጥር አክባሪነቱ ነው። ሽንኩርት ሊገዛ ሲሄድ ሻጯን አያይም፣ የሚዛኗን መርፌ ነው የሚያየው። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቀኑ ረዘመበትና ጊዜውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። የአዳማዋ አጥቢያ ሺህ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያላት፣ እሑድ እሑድ ወንበር የሚጠፋባት ቤት ናት። ደገፋ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው በልቡ ይቆጥር ነበር። ማንም ቁጠር አላለውም፤ የለመደ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም ብለን እንለፈው።

ይህን ጠባዩን ያስተዋለው መጋቢ ቶኩማ ነው። ቶኩማ ገና አርባ ያልሞላው፣ የቀጠናው ኃላፊ ሆኖ የተመረጠ ትጉህ ሰው ነው። ከመተሐራ እስከ ዝዋይ፣ በወዲህ በኩል እስከ ደራ፣ አሥራ አራት አጥቢያዎች አሉት። የትኛዋ ጤነኛ ናት፣ የትኛዋ ታማለች፣ የትኛዋ እያደገች ነው የሚለውን ማወቅ ፈለገና ከአንድ ሥልጠና የመቶ ሃያ ገጽ መመዘኛ ይዞ መጣ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ አራተኛውን ገጽ ማለፍ አልቻለም። በመጨረሻ ደገፋ እጁን አወጣና «ይሄ ነገር እኮ በሁለት ገጽ ያልቃል» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ሥራው እሱ ላይ ወደቀ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጹን አዘጋጀ። ሃያ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ነጥብ። አባላት ስንት ናቸው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ተጠመቁ? ስንት በመሸኛ ደብዳቤ ተቀበላችሁ? ስንት ሸኛችሁ? የተቀበሉት ነጥብ ይጨምራል፣ የሸኙት ይቀንሳል። ከአርባ ነጥብ በታች ያገኘች አጥቢያ ከጎረቤቷ ጋር እንድትቀላቀል ይወሰናል። ሁሉም ወደደው። መጋቢ ቶኩማም «ጋሽ ደገፋ፣ እግዚአብሔር ለዚህ ነበር ያዘጋጀዎት» አለው፤ ደገፋም ለራሱ እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም።

ደራ የሄደው በየካቲት፣ ረቡዕ ቀን ነው። የዚያን ሰሞን ጉልበቱ አላስቀምጥ ብሎታል። በአዳማና በደራ መካከል የሚመላለሰው ሚኒባስ የካሚል ነው፤ ካሚል የወሎ ልጅ፣ ደገፋን ከጎረቤትነት የሚያውቀው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ጋቢና አስቀመጠውና እግሩን ሲያሻሽ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን ጉልበት ሶደሬ ካልነከሩት በኪኒን አይፈታም» አለው። «እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከደራ እመለሳለሁ። መገንጠያው ላይ ላውርድዎት፣ ከዚያ ባጃጅ አለ። አንድ ሰዓት ተነክረው ማታ ቤትዎ ይገባሉ።»

ሐሳቡ እዚያው ጋቢና ውስጥ ልቡን ሰረቀው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አዳማ መናኸሪያ ብዙ ስለቆሙ ደራ የደረሱት ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

የደራዋ አጥቢያ አንድ ገበሬ በውሰት በሰጠው መሬት ላይ የቆመች፣ በጭቃ የተለሰነች ቤት ናት። በር ላይ የጠበቁት አደ ጫልቱ ናቸው። ባላቸው የአጥቢያዋ ወንጌላዊ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ አደ ጫልቱ ጸሐፊም፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪም፣ በር ከፋችም ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ደፍነዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል።

«አካም ጅርታ፣ ወንድም ደገፋ? ግባ፣ ግባ። ድንች ቀቅዬልሃለሁ» አሉት።

ደገፋ ድንቹን አላየም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጀመረ።

«አባላት ስንት ናችሁ?»

«አሥራ ዘጠኝ። ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ይቆጠራሉ?»

«ይቆጠራሉ። ባለፉት ሦስት ዓመታት የተጠመቀ አለ?»

«አራት ልጆች ነበሩ። አሁን ግን እዚህ የሉም። አንዷ ነርስ ሆና…»

«አሁን ያሉትን ብቻ ነው የምጽፈው፣ አደ ጫልቱ።»

«ያሉትማ የሉም።»

ዜሮ ጻፈ። ቀጠለ። ስንት ተቀበላችሁ ሲል «ማንንም» አሉ። ስንት ሸኛችሁ ሲል ፊታቸው በራ። «ቆይ፣ ደብተሩን ላምጣልህ። ስማቸው፣ የሄዱበት ከተማ፣ የያዙት ሥራ፣ ሁሉም ተጽፏል። ዓርብ ዓርብ አንድ በአንድ እየጠራን ነው የምንጸልይላቸው» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ደገፋ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል። ካሚል ሰው የሚጠብቅ ዓይነት ሹፌር አይደለም።

«ደብተሩ ይቆይ» አላቸው። «የሄዱት አይደሉም የሚፈለጉት፣ ያሉት ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

አደ ጫልቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ቁጥሩን ነገሩት፤ በሦስት ዓመት አሥራ አንድ። ደገፋ አሥራ አንዱን በሚቀንሰው ዓምድ ውስጥ አስገባ፣ አስፈረማቸው፣ ድንቹን ሳይቀምስ ተነሣ። እስከ አስፋልቱ ሸኙት። እንደሚያነክስ አስተውለው ኖሮ ክንዱን ያዝ አድርገውት ነበር።

ሶደሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍል ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ያ የደረቀ ጉልበት ቀስ ብሎ ሲፈታ ተሰማው። ዓይኑን ጨፍኖ አምላኩን አመሰገነ፤ ድምፁን አውጥቶ ነው ያመሰገነው፣ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩት። ወደ አዳማ ሲመለስ መኪና ውስጥ ነጥቡን ደመረ። ደራ ሠላሳ አንድ አገኘች።

በሚያዝያ ውጤቱ ለቀጠናው ጉባኤ ቀረበ። ደገፋ ሱፉን ለብሶ፣ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ አብርቶ አስረዳ። አዳማ በሰማንያ ስምንት ነጥብ አንደኛ ወጣች፣ ተጨበጨበ። ደራ የመጨረሻዋ ነበረች። ከመልካሳዋ አጥቢያ ጋር ትቀላቀል የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ተቃውሞ አለ ወይ ተባለ፤ መጋቢ ቶኩማ አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጣል፣ ሌላውም ዝም አለ። በግንቦት ፕላስቲክ ወንበሮቹ በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ፤ ማኅተሙ ለቀጠናው ጽሕፈት ቤት ገቢ ሆነ። አሥራ ዘጠኙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እሑድ እሑድ በሚኒባስ መልካሳ ይሄዳሉ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። የሄደ ግን አልነበረም። አልጋ ላይ ያሉት ሁለቱማ በምን ይሄዳሉ?

ነገሩ እዚያ ባለቀ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን መጋቢ ቶኩማ ደገፋን ጠርቶ ለአዳማዋ አጥቢያ የምስጋና ቀን አንድ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ጠየቀው። «ከየት ከየት ነው የበዛነው? እግዚአብሔር እንዴት አሳደገን? ያንን በቁጥር ቢያሳዩን» አለው። ደገፋ ደስ እያለው የመሸኛ ደብዳቤዎቹ የተቀመጡበትን የብረት ቁም ሣጥን አስከፈተ። ከሌላ አጥቢያ የመጣ አባል ሁሉ ደብዳቤ አለው፤ ያለ ደብዳቤ በቀጥታ የሚመዘገብ የለም።

በከተማ በከተማ ይከምራቸው ጀመር። የአሰላ፣ የመቂ፣ የሞጆ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ አንዱ ክምር ከሌሎቹ በለጠ። ሁሉም በእጅ የተጻፉ፣ ሁሉም በአንድ እጅ፣ ፊደሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ ከታች የደራ አጥቢያ ማኅተም ያለበት። በአሥራ ሁለት ዓመት አርባ ሦስት ደብዳቤ። ከየትኛውም ከተማ ይበልጣል።

ሌሎች አጥቢያዎች የሚልኩት በኮምፒውተር የተጻፈ ሁለት መስመር ነው፤ አባላችን ነበሩ፣ ተቀበሉልን። የአደ ጫልቱ ደብዳቤ እንደዚያ አልነበረም። ደገፋ የመጀመሪያውን አንሥቶ አነበበ። «እህታችን ትህትና ባጫ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በመካከላችን ያደገች ናት። ድምፅዋ ለመዘምራን ይሆናል። ስታፍር ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ኩራት እንዳይመስላችሁ።» ትህትና ዛሬ የአዳማ መዘምራን መሪ ናት። ሌላ አነሣ። «ይህ ወንድማችን ጎበዝ አስተማሪ ነው፣ ጧት መንቃት ግን ይከብደዋልና ቀስቅሱት።» የአዲስ አባላት ክፍል አስተማሪው ነው። አንዱ የሂሳብ ሹም፣ ሁለቱ ሽማግሌ፣ አንዷ በየሳምንቱ ሆስፒታል እየሄደች በሽተኛ የምትጠይቅ። አዳማን ሰማንያ ስምንት ያሰኙት ሰዎች ከዚያች የጭቃ ቤት በሚኒባስ የመጡ ናቸው።

ከክምሩ ሥር ያለው ደብዳቤ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። «ልጃችን ቶኩማ ጥያቄ ያበዛል። መልሱን ካጣችሁ ዝም በል አትበሉት፣ አላውቅም በሉት።» ደገፋ ይህን ሲያነብ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ያ ጥያቄ የሚያበዛው ልጅ ደራ ስትዘጋ አንድም ጥያቄ አላነሣም ነበር።

አሁን የደገፋን ነገር እዩት። ሃያ ስድስት ዓመት ፍየል የመዘነ ሰው ነው። የምታጠባ ፍየል እንደ ሌላዋ እንደማትመዘን ያውቃል፤ ግልገሎቿ ሲወፍሩ እሷ ትከሳለች፣ መዝገቡ ላይም ለእሷ የተለየ ዓምድ አላት። በሚዛኗ ብቻ ፈርዶ ትታረድ ያለ መዝጋቢ ቢኖር በማግስቱ ከሥራ ይባረር ነበር። ለፍየል ያወቀውን ለሰው አላወቀም። ልጆቹን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ምርቃት ጽፋ የሸኘችውን ቤት ቀነሰች ብሎ ነጥብ አጎደለባት፤ የተቀበለችውን ጨመረች ብሎ አስጨበጨበላት። ያው አርባ ሦስት ሰው እዚህ ዕድገት፣ እዚያ ጉድለት ሆኖ ተጻፈ።

ይሄ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል። ደገፋን ያንገበገበው ግን ሌላው ነው። ደብተሩ ሊመጣለት ነበር። አደ ጫልቱ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ግማሽ መንገድ ሄደው፣ እሱ ነው ያስቀመጣቸው። አሥር ደቂቃ ቢታገሥ ኖሮ ስሞቹን ያይ ነበር፤ ትህትና የሚለውን ሲያይ ደግሞ የማይነቃ ሰው አይደለም። ያልታገሠው ለምን ነበር? ለፍል ውሃ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ጅቡስ ርቦት ነው።

ደብዳቤዎቹን ይዞ ወደ መጋቢ ቶኩማ ቢሮ ገባ። ቶኩማ የራሱን ደብዳቤ አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አውቅ ነበር» አለ። «ማን እንዳሳደገኝ እንዴት አላውቅም? ስለ ደራ ብናገር ለመንደሩ አደላ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ነጥቡም ነጥብ ነው። ቅጹ እኮ ለዚህ ቦታ አልነበረውም፣ ጋሽ ደገፋ።»

«ቅጹን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም እርስዎ ያገኙትን በታማኝነት ነው የጻፉት። የተሳሳተው ቅጹ ነው። ራስዎን አይውቀሱ።»

ደገፋ ስለ ሶደሬ ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ሰው ከደሙ ንጹሕ ነህ ሲለው አይደለሁም ማለት ከባድ ነው፤ አፉን መልሶ ዘጋ። «አዎ፣ ቅጹ ነው» አለ። ይህቺን ቃል ከዚያ በኋላ ለኮሚቴውም ደገማት፣ ለሽማግሌዎቹም ደገማት። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ታማኝነቱን አደነቀለት።

ደራን ለማስከፈት ያቀረበው ሐሳብ የትም አልደረሰም። ገበሬው መሬቱን መልሶ ወስዶ ቤቷን የሽንኩርት መጋዘን አድርጓታል፤ ወንበሮቹም ሌላ ቦታ ተመድበዋል። ኮሚቴው ከሁለት ዓመት በኋላ በሚቀጥለው ምዘና ይታያል ብሎ ወሰነ። አልጋ ላይ ከነበሩት ሁለቱ አንደኛው በክረምቱ ማረፋቸውን የሰማውም በዚያው ስብሰባ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ማን ቀበራቸው ብሎ ጠየቀ፤ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ደገፋ ጉልበቱን ሲያመው ዝም ብሎ ያመዋል። ጎረቤት ሶደሬ እንሂድ ሲለው ሥራ አለኝ ይላል። ማታ ተንበርክኮ ሲጸልይ ጉልበቱ ይጮኻል፣ እሱም ይገባሃል ይለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ በእሱ ላይ ግን ተረቱ ተገለበጠ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ቆርጦ ተነሣ። ደራ ሄጄ አደ ጫልቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ መናኸሪያ ወረደ። ካሚል ሚኒባሱን እያጠበ አገኘውና የሚሄድበትን ነገረው።

«አደ ጫልቱን?» አለ ካሚል። «እሳቸውንማ እኔው ነኝ ያመጣኋቸው፣ ከነዕቃቸው። አምስት ሳምንት ሆናቸው እኮ፣ ጋሼ። ዓይናቸው ደከመ፣ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም፤ እዚሁ አዳማ፣ ቦኩ፣ የወንድማቸው ልጅ ጋ ናቸው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዕቃ ስል ምን ነበር መሰለዎት? አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ። ቁልፉን ለገበሬው ሊሰጡ ገብተው ቤቷን ጠርገው ነው የወጡት። የሽንኩርት መጋዘን ምን ይጠረጋል ብዬ ስቄባቸው ነበር። እርስዎ ጋ አልመጡም እንዴ? እናንተ አንድ ናችሁ ብዬ ነበር የማስበው።»

ቦኩ ከፍራንኮ ሩቅ አይደለም። የዚያን ዕለት ሊሄድ ይችል ነበር፤ ነገ ብሎ ተመለሰ፣ ነገም ነገ አለ።

እሳቸው ቀደሙት። እሑድ አዳራሹ እንደ ልማዱ ሞልቷል። የመድረክ መሪው ማይክ ይዞ «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች ከመቀመጫችሁ ብድግ በሉልን» አለ። ወዲያና ወዲህ ስድስት ሰባት ሰው ተነሣ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት ቀጭን ሴት የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ቆሙ። መዘምራኑ የእንኳን ደህና መጣችሁ መዝሙር ጀመሩ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ትህትና ከመድረክ ላይ ሆና እያየች ነበር። ድምፅዋ ተቋረጠ፤ የቀሩት ያለ እሷ ዘመሩ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አርባ ሦስት ልጆቻቸው ነበሩ፤ አደ ጫልቱ ግን እንግዳ ሆነው ቆመው ተጨበጨበላቸው። ደገፋ ከመሬት በታች መግባት ፈለገ።

ከጉባኤው በኋላ ልጆቹ ሮጠው አቀፏቸው። መቼ መጡ፣ ለምን አልነገሩንም አሏቸው፤ አለቀሱም፣ ሳቁም። ቀስ በቀስ ግን ሁሉም ወደየታክሲው ሄደ። አስተናጋጁ እንደ ሥርዓቱ እንግዶቹን አዲስ አባል ወደሚመዘገብበት ክፍል ወሰዳቸው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ዘርግቶ የሚቀመጠው ደገፋ ነው።

አደ ጫልቱ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «አንተ ነህ እንዴ? እንኳንም አንተ ሆንክ፤ እኔ ፊደሉ አይታየኝም፣ ሙላልኝ» አሉት።

ስማቸውን ጻፈ። ዕድሜያቸውን ጻፈ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰና ጠየቀ።

«የመሸኛ ደብዳቤ አለዎት?»

«ማን ይጻፍልኝ ብለህ?» አሉ። «ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ማኅተሙም እናንተ ጋ ነው።» ወቀሳ አልነበረበትም፤ ያለውን ነው የተናገሩት።

ደብዳቤ የሌለው ሰው ስድስት ወር የመሠረተ እምነት ትምህርት መማር አለበት። ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ደገፋ ነው። ነገራቸው፤ ዓይናቸውን ሳያይ ነው የነገራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩት ሴት «ደግ ነው፣ እማራለሁ» አሉ።

ከገጹ ግርጌ ለጽሕፈት ቤት ብቻ የሚል ቦታ አለ፤ ሁለት ሳጥን፣ ጭማሪ እና ቅናሽ። አደ ጫልቱ መነጽራቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠግተው «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ።

«ለቆጠራ ነው። ለአጥቢያችን አንድ ሰው ጨመሩ ማለት ነው።»

«ለደራስ?»

ደገፋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን ጊዜ ቅጹ ነው ሊል ይችል ነበር፤ ወራት ሙሉ ያላት ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። አላላትም።

«ደራን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አደ ጫልቱ» አለ። «ሰው ሁሉ ቅጹ ነው ይላል፣ እኔም እንደዚያው እያልኩ ኖርኩ። ቅጹ አይደለም። ያን ዕለት ደብተሩን ሊያመጡልኝ ሲነሡ የከለከልኩዎት ቸኩዬ ነው። የቸኮልኩት ለሥራ አልነበረም። ሶደሬ ልነከር ነበር። ጉልበቴን አሞኝ፣ ለፍል ውሃ ብዬ ነው ያልሰማሁዎት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

አደ ጫልቱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ደገፋ የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቢሰድቡትም፣ ቢያለቅሱም፣ ተነሥተው ቢሄዱም።

«ውሃው ግን በጀህ?» አሉት። «ያን ቀን በጣም ነበር የምታነክሰው።»

ሽሙጥ መስሎት ቀና ብሎ አያቸው። ሽሙጥ አልነበረም፤ መልሱን እየጠበቁ ነበር።

«ለሁለት ቀን» አለ ደገፋ።

«ለሁለት ቀን» አሉ እሳቸውም ቀስ ብለው። ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «በል ፈርምልኝ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል።»

ደገፋ ጭማሪ በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ፈረመ።